ግብሩ ከቀረ በኋላ

አንዲት ሴት ወደ ባለዛር ቤት እንዴት እንደምትገባ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ከወጣች በኋላ ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር፣ ቀኑን ከማን ጋር እንደምትውል፣ ልጇን ያተኮሳት ዕለት ምን እንደምታስብ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ባሉ መንደሮች «ትቼዋለሁ» የሚሉ እናቶች ያጋጥማሉ። ቃሉ አጭር ነው። ሲናገሩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በር በሩን እያዩ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነርሱ ነው።

ነገሩን በወሬ ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ቤቱ ምን እንደሚመስል ጥቂት እንበል። ታማሚዋ መጥታ የያዛት ዛር ስሙ ከተነገራት በኋላ እርስዋ የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች፤ ጋላቢው እርሱ ነው። በሀድራው ሌሊት ዕጣኑ ይጨሳል፤ ቡናው ይፈላል፤ ሽቶው ይረጫል፤ ጭብጨባውና ዘፈኑ ይደምቃል። ዛሩ ሲነሣባት ትንቀጠቀጣለች፤ ታጓራለች፤ በእርሱም አንደበት ትናገራለች። ዕዳው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ዓመቱ ሲዞር ግብር አለ፤ ዶሮው ገብስማ ይሁን ወሰራ፣ በጉ ነጭ ይሁን ጥቁር የሚወሰነው በዛሩ ትእዛዝ ነው። የሚታሰረው ጨሌ፣ የሚለበሰው ልብስ፣ ሥራ የማይነካበት ቀን፣ የማይቀመስ ምግብ ሁሉ ከባለዛሩ አፍ ይወጣል። በገንዘብ መክፈል ያቃታት በጉልበቷ ትከፍላለች፤ ለቤቱ ውሃ ትቀዳለች፤ እህል ትፈጫለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን ግብሩን ያቋረጠች ፈረስ ዛሩ ይሰብራታል፣ አለዚያም ልጇን ይነካባታል መባሉ ነው። ያን ቤት አስሮ የያዘው ገመድ ይኸው ነው።

ግብር ካልን አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ጥሎ ገማቾችን ወደ ጎጃም ሲልክ እንቢ ብለው ከተነሡት መካከል የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ጦርና አውሮፕላን እስኪላክባቸው ድረስ አልተመለሱም። መሬቴን አላስገምትም ብሎ በንጉሠ ነገሥት መንግሥት ላይ የተነሣ ገበሬ፣ ሚስቱ ለማይታይ ጌታ በያመቱ በግ ስትነዳ ዝም ብሎ ማየቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ዝም ያለው ንቆት አይደለም። እርሱም ይፈራል።

ለመሆኑ ለምን ይገባሉ? ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ መልካም አያሁ ከተባሉ ባለዛር ሴት ቤት እየተገኘ ያየውን መዝግቧል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው የባህል ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የዛሩ ማኅበር በችግር ለተያዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የመተንፈሻ ስፍራ መሆኑን አስረድቷል። ጥናቱን ያላነበበች የአገራችን ሴትም ይህን ታውቀዋለች። ሳትጠነክር ለባል የተሰጠች፣ ከአማት ጋር በአንድ ምድጃ የምትውል፣ ልጅ የዘገየባት ወይም የሞተባት ሴት የከፋት መሆኑን በገዛ አፏ ብትናገር ነገረኛ ትባላለች። ያንኑ ነገር ዛሩ በእርስዋ አንደበት ሲናገረው ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ተንበርክኮ ይሰማል። አንዲት ነጠላ መግዛት የከበደው ባል፣ «ዛሩ ጥበብ ይፈልጋል» ሲባል ገበያ ይወጣል።

ስለ ዛሮች አመጣጥ የሚነገረው ተረት እንኳ የሴት ጭንቀት ያለበት ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ዐሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀች። የተደበቁትም ተደብቀው ይቅሩ ተባለና ዛር ሆኑ፤ በግልጥ የቀሩት ደግሞ የእኛ አባቶች ናቸው። ተረቱን የፈጠረው ሰው፣ እናት ከፍርሃቷ የተነሣ ልጅ እንደምትደብቅ የሚያውቅ ነበር።

እንግዲህ ይህን ቤት ትቶ መውጣት፣ የሚያስፈራን ነገር ብቻ ሳይሆን የሚሰማን ጆሮም ትቶ መውጣት ነው። ይህ ካልገባን የወጣችውን ሴት ልንረዳት አንችልም።

በቢቸና አካባቢ የምትኖር አንዲት አክስት አለችኝ። ሰባት ዓመት በሀድራ ተቀምጣለች። የወጣችው ሰባኪ መክሯት አይደለም፤ የዛሩን ክፋት ያስረዳትም ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ለግብር የታዘዘው ጥቁር በግ፣ ለልጇ ደብተርና ልብስ መግዣ ይሸጣል ተብሎ የተቀለበ ነበር። በጉን ለመንዳት ገመዱን ያዘች፤ ልጅቱ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። «አፏን አልከፈተችም» ትላለች አክስቴ፤ «ብትናገርማ ቆጥቼ እሄድ ነበር።» በጉ ገበያ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስሰማ በጣም ነው ያዘንሁት። ቁጭ ብላ ሞቷን መጠበቅ ጀመረች። የጤፉ ጎተራ ስንት እንደቀረው፣ ማን ምን እንደተበደረ፣ መገነዣው የት እንዳለ ለጎረቤቷ ነገረች። ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። በየጧቱ «ዛሬም አለሁ» እያለች ትነሣ ነበር። በሦስተኛው ወር ልጅቱ ትኩሳት ያዛት፤ ትንፋሿም ይቆራረጥ ጀመር። መንደሩ በሙሉ አንድ ቃል ሆነ፤ ዛሩ ዕዳውን ሊወስድ መጣ ተባለ። ባሏ ሳይቀር «በይ ሂጂና እግሩ ላይ ውደቂ» አላት።

«ታዲያ ምን አደረግሽ እታለም?» አልኋት።

«ምን አደርጋለሁ ልጄ፤ አዘልኋትና መንገድ ጀመርሁ። መንታ መንገዱ ላይ ስደርስ ቆምሁ። በዚህ ወደ ባለዛሩ ነው፤ በዚያ ወደ ጤና ጣቢያው። ብዙ ቆምሁ። ኋላ ልጅቱ ሳለች። ሳሉ የሰው ሳል ነው አልሁና ወደ ጤና ጣቢያው ዞርሁ።»

የሳንባ ምች ነበር። መድኃኒት ተሰጣት፤ ዳነች።

ብዙ ጸሐፊ ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰው ነበር። ለአክስቴ ግን ዋናው መከራ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሀድራው ከሚደረግበት አቅጣጫ ነፋስ ጭብጨባ ሲያመጣ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ትከሻዋ በራሱ ይነቀነቃል። አንድ ዓመት ሙሉ ሠርግ አልሄደችም። የአንድ ዓይነት ሽቶ ጠረን ገበያ መካከል ሲያገኛት ቁጭ ትላለች። ይህን እንደ ዛሩ መመለስ ቆጥራው ስንት ሌሊት አልቅሳለች። ሰባት ዓመት በከበሮና በጭብጨባ የሠለጠነ ገላ በአንድ ቀን እንደማይረሳ የነገራት ሰው አልነበረም። ዕድሜዋ በከንቱ እንዳለፈ እያሰበች ራሷን የምትረግምበት ጊዜም ነበር። የሰጠቻቸውን ዶሮዎች አንድ ባንድ ትቆጥራቸዋለች፤ ዛሬም ጠይቋት፣ ቀለማቸውን ጭምር ትነግራችኋለች።

«ዛሩ ናፍቆሽ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ሰው ናፈቀኝ እንጂ ዛሩማ ምኑ ይናፍቃል!» አለች። በዚያ ቤት አብረዋት ቡና የሚጠጡት፣ የወለደች ጊዜ ገንፎ ያገነፉላት፣ እናቷ የሞተች ጊዜ አብረዋት ያለቀሱት ሴቶች፣ ከወጣች በኋላ በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን አዞሩ። የዛሩ ቁጣ እንዳይተላለፍባቸው ፈርተው ነው። ከሌላው ወገን ደግሞ ዱሮም ያልገቡት ጎረቤቶች «ባለዛሯ መጣች» እያሉ ይጠቃቀሱባት ነበር። ከሁለቱም ወጥታ መካከል ላይ ቀረች።

እንዲህ መካከል ላይ የቀረች ሴት ለሌላ ጌታ የተመቸች ናት። አንዱ «አጥማቂ ነኝ» ባይ መጥቶ «ከዛሩ ነፃ አወጣሻለሁ፤ ነገር ግን ያለ እኔ ፈቃድ ሐኪም ቤት እንዳትሄጂ» ቢላት ፍርሃቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጠበል መጠመቅ የብዙ የአገራችን ምእመናን እምነት ነውና በዚያ ላይ ነቀፋ የለንም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ፣ በእንጦጦ ጠበል የነበሩ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው መረሳት የለበትም። የቤተ ክርስቲያኒቱ አባት መድኃኒት ውሰዱ ካሉ፣ የሚከለክለው ሰው ከማን ሥልጣን እንዳገኘ ይጠየቅ።

ነገሩ የጎጃም ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1978 በደቡብ አሜሪካ በጋያና ጫካ ከ900 በላይ ሰዎች በአንድ ሰባኪ ትእዛዝ መርዝ ጠጥተውና ተገደው አልቀዋል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ሻካሆላ በተባለው ጫካ፣ ተርባችሁ ብትሞቱ ጌታን ታገኛላችሁ በተባሉ ሰዎች መቃብር ከ2023 ጀምሮ ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከመካከላቸውም ብዙ ሕፃናት ነበሩ። የባለዛሩን ቤት ከእነዚህ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ሰውን ከዘመዱ መለየት፣ ኪሱን መያዝ፣ መውጣትን ከሞት ጋር ማሰር ግን በሁሉም ዘንድ አለ። አንድን ማኅበር ለመመዘን እኔ የምጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ነገ ብቀር ምን ትሉኛላችሁ? የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ ብትቀር «ምነው ጠፋሽ፣ ደኅና ነሽ ወይ» ትባላለች እንጂ ትሞቻለሽ አትባልም።

ታዲያ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? መጀመሪያ፣ ጨሌውን ነጥቆ በአደባባይ ማቃጠል ይቅር። በክርክርና በዕልልታ መካከል የተቃጠለ ጨሌ፣ ሌሊት ሴትዮዋን በፍርሃት ያንገበግባታል። ራስዋ እስክትጥለው ድረስ በሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ የሚጎዳው የለም፤ አክስቴ የጣለችው በአራተኛው ዓመት ነው፣ ያውም ቤት ስትጠርግ አግኝታው። ሁለተኛም ጎረቤት ቡና ይጥራት። ዕድር ካላት ትሂድ፤ እቁብ ካለ ትግባ፤ ያ የዶሮና የበግ ገንዘብ በመንፈቅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን ስታየው ሌላ ስብከት አያስፈልጋትም። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋት፣ ድምፅ የምትሰማ ከሆነ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታማክር፤ እነርሱም ሴቶች ናቸውና መንገዱን ይመሯታል። ሕጉም ከእርስዋ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ 27ኛ አንቀጽ ማንም ሰው በኃይል ወይም በማስገደድ እምነቱ እንዳይነካበት ይከላከላል፤ 35ኛው ደግሞ ሴቶችን ከሚጎዱ ልማዶች የመላቀቅ መብታቸውን ይደነግጋል።

ለባሎች የምንለው አንድ ነገር አለን። ዛሩ ሲጠይቅ ጥበብ የገዛህ ሰው፣ ሚስትህ በራሷ አፍ ስትጠይቅህ የት ትገባለህ? በክልሉ ለገበሬዎች በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጽፏል። ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት፣ ደክሞኛል፣ ከፍቶኛል፣ ነጠላዬ አልቋል ለማለት የሌላ አንደበት መበደር አይገባትም። ይህን መስማት የከበደው ባል፣ ሚስቱ ወደ ሀድራው ብትመለስ አይደነቅ።

ከወጡት እናቶች ልብ እስከ መጨረሻው የማይወጣው ጥያቄ የልጅ ነገር ነው። ዛር በዘር ይወርዳል፣ ከእናት ወደ ምትወዳት ልጇ ይሻገራል ይባላልና፣ ሴት ልጃቸው ራስ ምታት ያማት ቀን፣ ወይም ዝም ብላ የዋለች ቀን፣ የሚያስቡት ይታወቃል። አክስቴም ይህን ለልጇ ሳትነግር ብዙ ዓመት ደብቃ ኖራ ነበር። ልጅቱ አድጋ አሁን ሞጣ ውስጥ አስተማሪ ናት። በቅርቡ ቤቷ ሄጄ ቡና ስታፈላ ዕጣን አላጨሰችም። ለእናቷ ተጠንቅቃ መስሎኝ ጠየቅኋት።

«ኧረ እሷ አሁን ግድ የላትም» አለችኝ፤ «ለእኔ ነው፣ ጭስ ያስለኛል።»