የተማሪው መኪና የት ይቁም?

በአሜሪካ ኮሌጆች ተማሪዎች ዘወትር ከሚያሰሟቸው አቤቱታዎች አንዱ መኪና የሚያቆሙበት ቦታ ማጣታቸው ነው። ይህን የሰማ የአገራችን ሰው «ወይ ጥጋብ!» ብሎ ቢስቅ አይፈረድበትም። በእኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው ተማሪ በግቢው ውስጥ የሚያድርና የሚመገብ ስለሆነ፣ ከመኝታ ቤቱ እስከ መማሪያ ክፍሉ የሚያደርሰው እግሩ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው፣ የዚያ ተማሪ አቤቱታ ብዙ ጊዜ የቅምጥልነት ሳይሆን የችግር ሆኖ ይገኛል።

በዚያ አገር «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚባሉ፣ ክፍያቸው አነስ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ። አብዛኞቹም የመኝታ ቤት የላቸውም። ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ እየሠሩ የሚማሩ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ ባሉት በእነዚህ ኮሌጆች የእኛም አገር ልጆች ይማራሉ፤ ከእነርሱም መካከል በከተማው የመኪና ማቆሚያዎች በገንዘብ ተቀባይነትና በጠባቂነት እየሠሩ የተማሩ አሉ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ለሰው መኪና ቦታ ሲሰጥ የዋለ ወጣት፣ ማታ ለራሱ መኪና ቦታ አጥቶ ኮሌጁን ሲዞር በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ከሥራ የሚወጣው 11 ሰዓት፣ ትምህርቱ የሚጀምረው 12 ሰዓት ቢሆን፣ በመካከል ያለችው አንዲት ሰዓት የጉዞውም የእራቱም ናት። ከእርሷ ላይ ሩብ ሰዓት ቦታ ፍለጋ ከወሰደበት፣ የሚጎድለው ከትምህርቱ ነው።

ይህ ተማሪ ለማቆሚያ ፈቃድ ገንዘብ ይከፍላል። ይሁን እንጂ ብዙ ኮሌጆች ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት አይመጣም በሚል ስሌት፣ ካላቸው ቦታ የበለጠ ፈቃድ ይሸጣሉ። ስለዚህም ተማሪዎቹ ወረቀቱን «የአደን ፈቃድ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ ለማደን ያስችላል እንጂ አውሬው መገኘቱን አያረጋግጥም ማለታቸው ነው። በእኛ አነጋገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» መሆኑ ነው። ቦታው ምን ያህል እንደሚወደድ ለመረዳት፣ በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለኖቤል ተሸላሚ መምህራኑ ልዩ የመኪና ማቆሚያ ከልሎ መስጠቱን መጥቀስ ይበቃል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት «ይሠራላቸዋ!» ማለት ነው። ነገር ግን በፎቅ በፎቅ የሚሠራ ማቆሚያ ለአንዲት መኪና ቦታ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊፈጅ ይችላል። ማቆሚያው በነፃ ከሆነ ወጪው በሌላ በኩል ይመጣል፤ በአውቶቡስ የሚመጣውም ተማሪ ሳያውቀው ይጋራዋል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ዶናልድ ሹፕ፣ በ2005 ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ ያስተማሩት ይህንኑ ነበር። እኚህ ምሁር በዩኒቨርሲቲያቸው አጠገብ ባለው በዌስትዉድ ሠፈር ባደረጉት ጥናት፣ አንድ ነጂ የመንገድ ዳር ቦታ ለማግኘት በአማካይ 3.3 ደቂቃ እንደሚዞር አስልተዋል። ደቂቃዋ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን በዚያች ጠባብ ሠፈር በዓመት ስትደመር 950,000 ማይል፣ ማለትም ምድርን 38 ጊዜ ያህል የሚያዞር መንገድ ሆና ተገኘች።

አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከቱት። በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1991 ለተማሪዎቹ በቅናሽ የአውቶቡስ መታወቂያ መስጠት ጀመረ። በሎስ አንጀለስም ከ2000 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው መታወቂያ የአውቶቡስ ቲኬት ሆኖ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር። አውቶቡስ የሚስማማው ሲሳፈር፣ መኪናውን ሊተው ለማይችለው ቦታ ይለቀቅለታል።

በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ከዚህ ላይ ነው። ማታ ከክፍል ወጥቶ ወደ ሌሊት ሥራ የሚሮጠውን፣ ወይም ልጇን ከሞግዚት ቤት የምትወስደውን እናት «በአውቶቡስ ሂዱ» ማለት አይቻልም፤ በዚያን ሰዓት አውቶቡስ ላይኖር ይችላልና። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚሻው ከመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ መቆምን አይደለም። ሲመጣ ቦታ እንደሚያገኝ ማወቅን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣበት የአምስት ቀን አለመክፈልን፣ ማታም ወደ መኪናው ሲመለስ መብራት ያለበት መንገድን ነው። ስለሆነም ኮሌጆች «ስንት መኪና አላችሁ?» ከማለታቸው በፊት «ከየት ትመጣላችሁ? በስንት ሰዓትስ ትሄዳላችሁ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሥራ ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም የማታ ተማሪ መኪና ባይኖረውም፣ ጭንቀቱ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት መምህሩ ትምህርት ሳይጀምር ከወንበራቸው ላይ መገኘትን ነው።