ፍሬን የሚበላው ከፍታው አይደለም

ሰመር በመጣ ቁጥር ዴንቨርና ኦሮራ ባለው ሐበሻ ስልክ ላይ የሚዞር የምክር ዓይነት አለ። «ቤተሰብ ይዛችሁ በአርቪ (አልጋና ምድጃ ባለው መኪና) ተራራ ስትወጡ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፍሬን አየር ያጥረዋል፤ ቁልቁለቱን ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ ሞተሩን አሳርፋችሁ፣ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ እያደረጋችሁ ውረዱ፤ ነዳጅም ይተርፋል» ይላል። አየሩ ስስ መሆኑ እውነት ነው። የቀረው ግን ሰው ይገድላል፤ እንደ ሽማግሌ ምክር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዝም ብሎ ማየት ከብዶኛል።

ከነዳጁ እንነሳ፣ ቶሎ ያልቃል። የዛሬ ዘመን ሞተር ማርሽ ገብቶ ቁልቁለት ሲወርድ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሳ፣ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ምክሩ በራሱ ሚዛንም ኪሳራ ነው። የኮሎራዶ የትራፊክ ሕግም ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ መንዳትን ይከለክላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዴንቨር በአይ-70 መንገድ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የአይዘንሃወር ዋሻ ይገኛል። ምዕራባዊ አፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ተዳፋቱ ከፋ በሚልበት ቦታ 7 በመቶ ይደርሳል። ፍሬን እምቢ ያላቸው ከባድ መኪኖች የሚገቡባቸው የጠጠር መሸሺያዎችም እዚያው ቁልቁለት ላይ ተሠርተዋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር የተሸከመ መካከለኛ አርቪ 6 ቶን ቢመዝን፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚለቀው ጉልበት 38 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። 110 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጉልበቱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የአራቱ ጎማ ዲስኮች በድምሩ 60 ኪሎ ብረት ናቸው ብንልና ሁሉም ሙቀት እነሱ ውስጥ ቢገባ፣ ሙቀታቸው ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ያ ብረት ደግሞ 1,200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። በእርግጥ ሁሉም እዚያ አይገባም፤ የጎማ ሰበቃና የነፋስ ግፊት የራሳቸውን ይወስዳሉ፣ ዲስኩም እየነፈሰበት ይበርዳል። ይሁን እንጂ የፍሬን ጠላት ማን እንደሆነ ይህ ስሌት ይናገራል። መኪናን በሰበቃ የሚያቆም ፍሬን ሁሉ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱን መበተን ሲያቅተው ይሸነፋል።

ሽንፈቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፍሬን ሸራው ራሱ ሲግል ነው፤ ሸራውን የሚያጣብቀው ሙጫ ተኖ መያዝ ይሳነዋል፣ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው፤ ብዙ ሰው «ሰይጣን ነካው» የሚለው ይህን ነው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም። ነገር ግን ይህ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት ዝቅተኛው መስፈርት ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። አርቪ ደግሞ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ቆሞ የሚያሳልፍ መኪና ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ስለሆነ ዘይቱን የሚያስቀይርለት የለም። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ የእግር ጉልበት ሁሉ እሱን ሲጨምቅ ያልቅና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። መኪናው ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ፔዳሉን ረግጦ «ምንም የለውም» ይላል፣ ሹፌሩም ውሸታም ይባላል።

እንግዲህ ሙቀቱን ከፍሬኑ ሌላ ማን ይሸከም? ሞተሩ። የምክሩ ጸሐፊ «አሳርፉት» ያለው ያ ሞተር በመኪናው ላይ ካለው ሁሉ ሙቀት ለመጣል የተሻለ ነው፤ ራዲያተር ያለው እሱ ብቻ ነው። በቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ይዘጋል። ፒስተኖቹ ግን በጎማው ኃይል መውረዳቸውን አያቆሙም፤ ከተዘጋ በር ኋላ አየር ለመሳብ ይታገላሉ። ወደ ላይ የሚገፋቸው የውጪው አየር ግፊት ነው። እዚህ ላይ ስስ አየር በእርግጥ ይቆጠራል፤ 3,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ትግል ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ሁለተኛው ድርሻ፣ የፒስተንና የቀለበት፣ የዘንግና የፓምፕ ሰበቃ፣ ከፍታ አያውቅም፤ የሚያውቀው የዙር ብዛት ነው። በደቂቃ 4,000 ዙር የሚዞር ሞተር 2,000 ዙር ከሚዞረው ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይበላል። መድኃኒቱ ስለዚህ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ያውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት። ሞተሩ ሲጮኽ የሚደነግጥ ሰው አለ። ዙሩ ከቀዩ መስመር እስካላለፈ ድረስ ይጩኽ።

የናፍጣ ሞተር ያ የሚዘጋ በር የለውም፤ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካልተገጠመለት ብቻውን ሲይዝ ደካማ ነው። ስስ አየሩ ሌላም ነገር ይሠራል፤ ነፋሱ መኪናውን የሚገታበትን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዲስኩንም በደንብ አያበርድም። የቤንዚን መኪና የፍሬን ማገዣም በቫኪዩም ስለሚሠራ ፔዳሉ ጠንከር ይላል። «አየር ያጥረዋል» የተባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የሆነው ሆኖ ፍሬኑ አይጠፋም፣ ትንሽ ተጨማሪ እግር ብቻ ይጠይቃል።

አሁን እኛው የሙያው ሰዎች የምንከራከርበት ነገር። ፍሬኑ በስሱ ተረግጦ ይቆይ ወይስ ጠንከር ብሎ ተይዞ ይለቀቅ? የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ አማካይ ፍጥነቱ እኩል ከሆነ በሁለቱም መንገድ አማካይ ሙቀቱ ያው ነው፤ የሚበተነው ጉልበት አንድ ነውና። ልዩነቱ ክፍፍሉ ላይ ነው። በስሱ ሲረገጥ ሁሉም ጎማ እኩል አይሠራም፤ አንዳንዱ ይቃጠላል፣ አንዳንዱ ይተኛል። የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ይዞ መልቀቅን የሚያስተምረው ስለዚህ ነው፤ ከታሰበው ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀንስ መያዝ፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅ። ነገር ግን ጥናቱ የአየር ፍሬን ስላለው ከባድ መኪና ነው። በዘይት ፍሬን ላይ የጎማዎቹ ልዩነት ያንሳል። ክብደቱ ወደ አንድ አክስል ያጋደለ አርቪ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። እኔ ይዞ መልቀቅን እመርጣለሁ፤ የሚሞግተኝ ባልደረባ ቢመጣ ግን አልገረምም። ማርሹ ትክክል ከሆነ ክርክሩ ራሱ ትንሽ ይሆናል።

መንገድ ማቀድ ማለት ታዲያ ካርታ ላይ ርቀት መለካት ብቻ አይደለም፤ የትኛውን ወገን ወጥቼ የትኛውን እወርዳለሁ ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ ዩኤስ 550 ላይ ያለውን የቀይ ተራራ ማለፊያ እንውሰድ። ጫፉ 3,358 ሜትር ነው፤ ወደ ዩሬይ የሚወርደው ሰሜናዊ ወገን ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይጥላል፣ ከሲልቨርተን በኩል ያለው መውጫ አጭር ነው። ለፍሬኑ የሚበጀው ከዩሬይ መውጣት ነው። ነገር ግን ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና የገደሉን ጠርዝ ይዞ ይነዳል፤ መከላከያ ብረት የሌለበት ቦታም ብዙ ነው። ከሲልቨርተን የመጣ ደግሞ ግድግዳውን ታክኮ ይወርዳል፣ ረጅሙን ቁልቁለት ግን ለፍሬኑ ያሸክማል። ሰፊ አርቪ የያዘና ገደል የሚያስፈራው ሰው ከሲልቨርተን እንዲነሳ እመክራለሁ፤ የፍሬን ዘይቱን አስቀይሮ፣ ጫፉ ላይ ማርሽ ቀንሶ፣ መሃል ላይ ዳር ይዞ ለማረፍ ጊዜ መድቦ። ዘይቱን መቼ እንደቀየረ የማያውቅ ሰው ግን ከዩሬይ ይውጣ፤ ገደሉን የሚፈራ ተሳፋሪም በግራ በኩል ይቀመጥ።