ሕፃን ትንሽ ሆኖ የሚወለደው ለምንድን ነው?

«ልጁ ገዝፎ ምጡ እንዳይጠናብሽ ቆጠብ አድርገሽ ብይ።» ከገጠር የመጣን እጩ መምህራን ይህችን ምክር በሚገባ እናውቃታለን። በጎጃም ምድር፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በቆሎው ጎተራ ሞልቶ ሳለ ነፍሰ ጡሯ ወተት እንኳ ትከለከላለች፤ ሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋል ተብሎ። (ያ ነጭ ቅባት እኮ የሕፃኑ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው መከላከያ ነው እንጂ ወተት አይደለም።) ስለዚህ ነገሩን በሳይንስ ዓይን እንየው ብለን ተነሣን።

በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃን በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። ከ2.5 በታች የሆነው ቶሎ ይበርደዋል፤ ለመጥባት ይደክማል፤ በሽታም አይችልም። አንዳንዱ ከ37 ሳምንት በፊት ስለሚወለድ ያንሳል፤ ሌላው ግን ወሩን ጨርሶም ትንሽ ነው። መንታና የበኩር ልጅ ቀለል ማለታቸው የተፈጥሮ ነው።

«አባቱ ግዙፍ ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። በ1938 እ.ኤ.አ. ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ግዙፉን የሽየር ፈረስ ከድንኩ የሼትላንድ ፈረስ ጋር አዳቀሉ። ከድንኳ እናት የተወለደው ውርንጭላ ትንሽ፣ ከግዙፏ የተወለደው ትልቅ ሆነ። የአባት ዘር ድርሻ ቢኖረውም በማሕፀን ሳለ የእናት ይበልጣል ማለት ነው፤ ፅንስ የሚመገበው በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም ነውና። ወባ የሚጎዳውም በዚሁ በኩል ነው። ተሐዋስያኑ እንግዴ ልጁ ውስጥ ተሰብስበው የምግቡን መንገድ ያጠቡታል። ከክረምት በኋላ በቆላው ያለች ነፍሰ ጡር ያለ አጎበር ማደር የማይገባት ለዚህ ነው።

ምግብ ሲጎድልስ? ሆላንድ ውስጥ በ1944/45 እ.ኤ.አ. የብርድ ወራት፣ በጦርነቱ ምክንያት እህል ሲጠፋ፣ የመጨረሻ ወሮቻቸው በረሃቡ ላይ የዋሉባቸው እናቶች ልጆች በአማካይ 300 ግራም ገደማ ቀለው ተወለዱ።

እንግዲህ መቆጠቡ ልጁን ማሳነሱ እውነት ነው፤ እናቶቻችን እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። ምጡን ማቅለሉ ላይ ነው ስሕተቱ። ምጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው የእናት ዳሌ ሲጠብ ወይም የሕፃኑ አቀማመጥ ሲጣመም ነው። ዳሌ ደግሞ የሚሠራው ከልጅነት ጀምሮ በተበላው ምግብ ነው፤ በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ ገና አልጨረሰችም። ሕጉ 18 ያለው በከንቱ አይደለም። የተራበች እናት ለማማጥ አቅም ታጣለች፤ ደም ያነሳት ደግሞ ስትወልድ ጥቂት ቢፈሳት እንኳ ትወድቃለች። እርግጥ ከመጠን ያለፈ ትልቅ ሕፃንም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ይሄ በአብዛኛው ከስኳር በሽታና ከእናት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ከአንድ ኩባያ ወተት አይመጣም።

ጾሙንም የሚጠይቁን አሉ። ቤተ ክርስቲያን ነፍሰ ጡርን ታሳርፋለች፤ የነፍስ አባትን ማነጋገር ነው።

ለተግባር ልምምድ ስንወጣ የሰባተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች ከፊታችን ይቀመጣሉ። ዳሌያቸው ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ከእነሱም ውስጥ ቁርስ ሳይቀምሱ ረጅም መንገድ በእግር የሚመጡ አሉ።