ራም ሲያስቸግር

በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የመካነ ሰላም ግቢ የመመረቂያ ጽሑፉን በገዛ ኮምፒዩተሩ የሚያሰናዳ ተማሪ፣ ማሽኑ አልነሣ ሲለው ራም ሊገዛ ደሴ ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር ይለይ፤ ይኸውም ራሙ ያልተስማማ ነው ወይስ የተበላሸ?

አንዱ አለመስማማት በዓይን ይታያል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲዲአር3 ራም 240 እግሮች ሲኖሩት፣ ዲዲአር4 ግን 288 አሉት። የሚፈልጉት ኤሌክትሪክም 1.5 እና 1.2 ቮልት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባምና በጉልበት መግፋት ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

የቀረው በፈተና ይታወቃል። ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፣ የሣጥኑን ብረት ነክቶ፣ ራሞቹን አውጥቶ አንድ በአንድ በዚያው ቦታ መትከል ነው። ችግሩ ራሙን ከተከተለ ራሙ ተበላሽቷል፤ ከቦታው ካልተላቀቀ መሰኪያው ነው፤ ለየብቻቸው ደኅና ሆነው አብረው ካስቸገሩ አልተስማሙም።

ማሽኑ ከተነሣም ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ይመርመር፤ አንዲት ስሕተት ብትገኝ ራሙ አይታመንም። በበሽተኛ ራም ያለፈ ጽሑፍ ሳይታወቅ ተበላሽቶ ሊቀመጥ ይችላልና፣ ጓደኞች ሆይ፣ ምርመራው እስኪያልቅ በብቸኛው ቅጂ ላይ አትጻፉ።