መብራት ሲጠፋ የሚያልቅ ባትሪ

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ከቤት ሴንሰሮች ሁሉ ተፈላጊው የሮቶ ነው። መብራት በስልክ ማብራት፣ መጋረጃ መክፈት ለማሳያ ያምራል፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ግን ጣራ ላይ ሳይወጣ ስንት ውኃ እንደቀረው ለማወቅ ነው።

የምሠራበት ቺፕ ኢኤስፒ 8266 ነው፤ የሻንጋዩ ኤስፕረሲፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ዋይፋይን ከማይቀመስ ዋጋ ያወረደው። ክዳኑ ላይ የሚገጠመው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ድምፅ ወደ ውኃው ልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ቀትር ላይ በሮቶው ውስጥ ያለው አየር ሲግል ድምፅ ስለሚፈጥን ውኃው በጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይነበባል። የሙቀት ሴንሰር ጨምርበት የሚሉኝ አሉ። አልጨምርም፤ የቤቱ ሰው የሚፈልገው ለነገ ልብስ አጠባ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ነው።

ጣጣው ባትሪው ላይ ነው። ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ ሳለ 20 ማይክሮአምፔር ገደማ ይበቃዋል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሴል፣ በወረቀት ላይ ከ10 ዓመት በላይ ሊያቆየው ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ግን የዩኤስቢ መሰኪያ ያለውን ዝግጁ ቦርድ ነው። በዚያ ላይ የተበየደው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ ብዙ ጊዜ ኤኤምኤስ 1117፣ ቺፑ ቢተኛም ለራሱ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይበላል። ያው ሴል 17 ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባዶውን ሞጁል እገዛና ለራሱ እምብዛም የማይበላውን መቆጣጠሪያ ኤችቲ 7333 ከትልቅ ካፓሲተር ጋር እበይድለታለሁ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ሌላ ነገር አለ። ሌላ ባለሙያ የገጠመላቸው አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ በባትሪ ነው የሚሠራው ተብዬ ነበር፤ ታዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ምን ነክቶት ነው የሚሞተው?» አሉኝ። የብዙ መሐንዲስ ጥያቄ እንዲህ አይጠራም። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል። በየመማሪያው ያለው ናሙና ፕሮግራም ደግሞ ዋይፋይ እስኪገኝ ጠብቅ ይላል እንጂ እስከ መቼ አይልም። ሴንሰሩ የሌለ ራውተር ሲፈልግ ያድራል፤ 70 ሚሊአምፔር አካባቢ እየሳበ። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን መብራት ከቀረ ከሴሉ ብዙም የሚተርፍ ነገር የለም። እኔ 5 ሰከንድ ብቻ እሰጠዋለሁ። ካጣ ሩብ ሰዓት ይተኛል፣ ደግሞ ካጣ እጥፉን።

ራውተሩ ሩቅ ከሆነ ቺፖች ያለ ራውተር በሚነጋገሩበት በኢኤስፒ ናው፣ ኩሽና ካለ ሌላ ቺፕ ጋር በቀጥታ አገናኘዋለሁ። ውኃ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ስለሚውጥ የቺፑን ሳጥን ከሮቶው ጀርባ አላስርም፤ አለዚያ ሮቶው ሲጎድል የሚሠራ፣ ሲሞላ የሚጠፋ ሴንሰር ይሆናል። ይህን ጉድ ፕሮግራም ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ይጨርሳል።

ውኃውን ወደ ሮቶው የሚገፋውን ፓምፕ ለዚህ ሁሉ አላስረክብም። በሽቦ የታሰረው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ እዚያው ይቆያል። ለሞተሩ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሴንሰሩ ለሰው ብቻ ይናገራል። ደንበኛው ሁለቱንም ለምን እከፍላለሁ ብሎ ከተከራከረኝ ከዋጋው የምቀንሰው ሴንሰሩን ነው።