በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉት የወላይታ ዕለታት

ወጋ፣ ሳይኖ፣ ማቆሳኛ፣ አሩዋ፣ ሃሙሳ፣ አርባ፣ ቄራ። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ያሉት የወላይትኛ ዕለታት ናቸው። በወላይታዋ ጉኑኖ ከተማ ሰው ለገበያም ለለቅሶም በእነዚህ ይቀጣጠራል። የብዙዎቹ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች መሠረት በሆነው ጂሊብሲ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥም ተጽፈው ይገኛሉ።

የተጻፉበት ፋይል ትንሽ ነው። ዕለቱና ወሩ ምን እንደሚባሉ፣ ገንዘብ በምን ምልክት እንደሚጻፍ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። ያዘጋጀው ዳንኤል ያዕቆብ የተባለ ባለሙያ የሚሠራበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ለሲዳምኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለትግርኛና ለብሌንኛም ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። ይህ ከሆነ 20 ዓመት አልፏል። የፋውንዴሽኑ ሰዎች ለእነዚህ ቋንቋዎች በኮምፒዩተር ውስጥ ቦታ ያዙላቸው፤ ውለታው ትልቅ ነው።

ጂሊብሲ ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን ማንም ያነባል፣ ማንም ማስተካከያ ይልካል። የተላከው ግን እንዲሁ አይገባም። ፕሮጀክቱን የሚጠብቁ ሰዎች ያዩታል፣ ይጠይቃሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ይቀበሉታል። የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ሥራውን ልኮ ወር ሙሉ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይልክም። በሁለተኛው ቀን «ደርሶናል፣ ይህቺን ብቻ አስተካክል» የተባለ ግን ይመለሳል፤ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፕሮጀክቶች ቀላል ቀላሉን ሥራ ለይተው ለአዲስ ገቢ ያስቀምጣሉ፤ አሠራራቸውንም ጀማሪ በሚገባው ቋንቋ ይጽፋሉ። ጎበዝ ፕሮግራመር ቀላሉን ሥራ ራሱ በአምስት ደቂቃ ቢጨርሰው ጊዜ ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድ ሰው የሚገባበትን በር ዘግቷል።

በወላይትኛው ፋይል እንዲህ ያለ በር አለ። ፋይሉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። የጉኑኖ ልጅ ግን ወላይትኛን በትምህርት ቤት የሚማረው በላቲን ፊደል ነው፤ ይህም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ የመጣ ነው። ወሮቹም «ጃንዩወሪ» እያሉ የሚጀምሩ የፈረንጅ ስሞች ናቸው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ሁለተኛ ፋይል ለማዘጋጀት ዋናው ዕውቀት የፕሮግራመር አይደለም። «ማቆሳኛ» በላቲን ሲጻፍ የትኛው ድምፅ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚረዝም የሚያውቀው የወላይትኛ መምህሩ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ተማሪ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፤ በዋናነት የሚጻፉት የሰባት ዕለታትና የ12 ወራት ስሞች ናቸው። ከዚያ ፋይሉን ይልካሉ።