በልጆቹ እርምጃ ልክ
ቤተሰብ፣ ብስክሌትና የፎገራ ሜዳ

ቤተሰባችሁ ከምግብና ከእሁድ አምልኮ ሌላ አንድ ላይ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው? አባት በሥራው፣ እናት በቤቱ ጣጣና በሥራዋ፣ ልጆች በትምህርታቸውና በስልካቸው ተጠምደው በየፊናቸው ይሮጣሉ። በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ መራራቅ ይቻላል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ቀላል ነገር እንጫወት፤ ከቤተሰብ ጋር በብስክሌት ስለሚደረግ ጉዞ።

በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ይህ የታወቀ ነው። አስጎብኚዎች ቤተሰቦችን በመኪና ወደ ኪንታማኒ ከፍታ ያወጡና ከባቱር ተራራ አካባቢ ቁልቁል፣ በመንደሮችና በሩዝ ማሳዎች መካከል ይመሯቸዋል። የባሊ ገበሬዎች ሱባክ የሚሉት የውኃ አከፋፈል ሥርዓት አላቸው። ከላይ ያለው ገበሬ ውኃውን ለራሱ ብቻ አያስቀርም፤ ከታች ላለውም እንዲደርስ በስምምነት ይከፋፈላሉ። ዩኔስኮ ይህንን በ2004 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ታዲያ የሩዝ አገር ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እኛም አለን።

የፎገራ ሜዳ

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወረታ ትገኛለች። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል። ያው ውኃ ግን በረከትም ሆኗል። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በአካባቢው የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ዘሩም ያዘ። ውኃ ይተኛበት የነበረው መሬት ዛሬ የአገሪቱ ዋና የሩዝ አምራች ሆኗል። እናቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብትም የዚሁ ሜዳ ልጅ ነው።

ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ለልጅ እግር አይከብድም። ነገር ግን ልብ በሉ! ከባሕር ዳር ወረታ ያለው አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ ነው። ልጆችን በዚያ አትንዱ። ብስክሌቶቹን በመኪና ጭናችሁ ወረታ ውሰዱና አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ በገጠሩ የውስጥ መንገድ ንዱ። በክረምት ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ ተጣብቆ አያስኬድም። ኅዳር ሩዙ የሚታጨድበት ጊዜ ነው። የወባ ወቅትም ስለሆነ አጎበር አይረሳ። ውኃ፣ ባርኔጣ፣ የጎማ መንፊያና ማጣበቂያ ያዙ፤ ፍሬኑንም ከመነሳታችሁ በፊት ሞክሩ።

አቅም የቀረው ቤተሰብ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ አልፎ ብስክሌቱን ከታች ትቶ በእግሩ ወደ ጣራ ገዳም ይውጣ። ጥድና ወይራው ያልተነካው ለዘመናት የገዳሙ ሰዎች ስለ ጠበቁት ነው። ዙሪያው ተራቁቶ ደኑ መትረፉ ለልጆቻችሁ ትልቅ ትምህርት ነው። ስፍራው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን የጸሎት ቦታ ስለሆነ ፈቃድ ጠይቁ፣ በአለባበሳችሁ ተጠንቀቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ለክርክር ሳይሆን የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት ሄዳችኋልና።

የያዕቆብ መልስ

በመሪ የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ አንድ ሕግ አለው። አንድ ሰው ከፊት ይመራል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይከተላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ከሁሉ ደካማው ነው። ጎበዙ ቀድሞ ቢሄድ መንገዱን ጨረሰ እንጂ ቤተሰቡን አላደረሰም።

ዘፍጥረት 33ን አብራችሁ አንብቡ። ዔሳው ከወንድሙ ጋር ከታረቀ በኋላ አብረን እንጓዝ ብሎ ያዕቆብን ጋበዘው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ለጋ መሆናቸውን፣ መንጋውም አንድ ቀን እንኳ ቢቻኮል እንደሚያልቅ አስረድቶ፣ በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ እንደሚከተል ነገረው። ያ ሰው ሲወለድ የወንድሙን ተረከዝ የያዘ፣ በወጣትነቱም ብኵርና የሸመተ ሰው ነበር። አሁን ግን ወደ ኋላ መቅረትን መረጠ። ከአንድ ሌሊት በፊት በያቦቅ እግዚአብሔር አግኝቶት እያነከሰ ነበርና፣ ማነከሱ የደከመውን ማየት ያስተማረው ይመስላል።

ባሎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁ በእናንተ ፍጥነት እየተጎተቱ ይሆን? ሚስቶችስ፣ ባላችሁ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ትዳር የሚጎዳው በጠብ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ቀድሞት ዞር ብሎ ባለማየቱም ነው። አገልግሎት እንኳ ሳይቀር ሰበብ ይሆናል።

ዛሬስ?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ የሜዳው ቤተሰቦችም ብዙ መከራ አይተዋል። ስለዚህ የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ሳታረጋግጡ አትነሱ። ልጅ ይዞ መድፈር እምነት አይደለም። ሰላም እስኪወርድ በያላችሁበት ጀምሩ፤ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩ የብስክሌት መንገዶች አሉ፣ ባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ለብስክሌት መስመር አለው። ብስክሌት ከሌላችሁም በእግር ይሁን። ማታ ስትጸልዩም ሩዝ አጭዶ ገበያ ማድረስ ያልቻለውን የፎገራ ገበሬና ልጆቹን በስም ጥሩ።

ለባልና ሚስት መወያያ
1. በቤታችን ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው?
2. በዚህ ወር ወደ ኋላ የቀረው ማን ነው? እንዴት እንጠብቀው?
3. ለልጆቻችን ብለን የትኛውን ሩጫ እንተው?

በልጆቹ እርምጃ የሄደው ያዕቆብ ዘግይቶ ይሆናል፤ ነገር ግን ሴኬም በደኅና ደረሰ፣ በዚያም መሠዊያ ሠራ። ጌታ ቤታችሁን ሁሉ አንድ ላይ ያድርስ። አሜን!